በጅማ አሮጌ ቤትን ፈትቶ ማንሳትና ዕቃውን መልሶ መጠቀም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጅማ ከተማ አሮጌ ቤት ሲነሳ ማየት የዘወትር ነገር ሆኗል። አንዱ ለመንገድ ማስፋፊያ ወይም ለኮሪደር ልማት ይነሳል፤ ሌላው ባለቤቱ በቦታው ፎቅ ሊሠራ ስላሰበ ይነሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ ምስጥ ቋሚዎቹን ስለጨረሳቸው ከመውደቁ በፊት እንዲወርድ ይደረጋል። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው አንድ ነው፤ ኤስካቫተር ወይም ድጅኖ የያዙ ወጣቶች ይመጣሉ፣ ቤቱ በአንድ ቀን ይወድቃል፣ ከዚያም ደህና የነበረው እንጨት ተሰብሮ፣ ቆርቆሮው ተጨማዶ፣ ጡቡ ከአፈርና ከመስታወት ስብርባሪ ጋር ተቀላቅሎ በሲኖ ትራክ ይጫናል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ቤታቸውን ሊያነሱ ከተዘጋጁ ባለቤቶች፣ ከአናጺዎችና ከግንበኞች ደጋግመው የሚሰሙ ናቸው። መልሶቹን ያዘጋጀሁት አሮጌ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ከዕድሜው ይልቅ ሲወርድ የሚደረገው ጥድፊያ እንደሚያጠፋው በማመን ነው።

ቤትን ፈትቶ ማንሳት ከማፍረስ በምን ይለያል?

ማፍረስ ቤቱን መጣል ነው፤ ዓላማው ቦታውን ባዶ ማድረግ ብቻ ስለሆነ ዕቃው ምን እንደሚሆን አይታሰብበትም። ፈትቶ ማንሳት ግን ቤቱ በተሠራበት ቅደም ተከተል ተቃራኒ ወደ ኋላ እየሄዱ፣ መጨረሻ የገባውን መጀመሪያ እያወጡ፣ እያንዳንዱን ዕቃ እንደገና ሊያገለግል በሚችልበት መልክ ማውረድ ነው። በዚህም ምክንያት ሥራው ከቀን ሠራተኛ ይልቅ ለአናጺና ለግንበኛ የቀረበ ነው። ወራጁ ከጋድሙ ጋር እንዴት እንደተያያዘ፣ ሚስማሩ ከየት በኩል እንደተመታ፣ መቃኑ በግድግዳው ውስጥ በምን እንደተያዘ የሚያውቅ ሰው ዕቃውን ሳይሰብር ያወጣዋል፤ የማያውቀው ግን ጉልበቱን ጨምሮ ይሰብረዋል።

ይህ ከውጭ የመጣ አዲስ አሠራር ነው?

ስሙ አዲስ ሊመስል ይችላል፤ ሥራው ግን ለእኛ የቆየ ነው። በገጠር ቤተሰብ ሰፈር ሲቀይር የቤቱን ቋሚና ወራጅ ነቅሎ፣ በሰውና በአህያ አጓጉዞ በአዲሱ ቦታ ላይ መልሶ ማቆም የተለመደ ነበር። በከተማም ቢሆን «ያገለገለ ቆርቆሮ» እና «ያገለገለ እንጨት» የሚሉ ጽሑፎች ብርቅ አይደሉም፤ ከቤት ቤት እየዞረ አሮጌ ብረትና ጠርሙስ የሚገዛውን ቆራሌው የማያውቅ ልጅ የለም፤ በአዲስ አበባ መርካቶም ምናለሽ ተራ ሙሉ በሙሉ በአሮጌ ዕቃ ሕይወት የሚኖር ሰፈር ነው። የጎደለን ልማዱ ሳይሆን ሥርዓቱ ነው ለማለት እደፍራለሁ፤ ዕቃው የሚድነው ቤቱ ከወደቀ በኋላ ከፍርስራሹ ውስጥ እየተለቀመ እንጂ ከመውደቁ በፊት ታቅዶ አይደለም።

በሌሎች አገሮች ጉዳዩ ወደ ሕግ ደርሷል። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት ከተማ የሆነችው ፖርትላንድ እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ፣ በ1916 ወይም ከዚያ በፊት የተሠሩ መኖሪያ ቤቶች በማሽን እንዳይፈርሱና በእጅ ተፈትተው እንዲነሱ ደንግጋለች፤ ኋላም ዘመኑን እስከ 1940 ድረስ ለተሠሩት አስፍታዋለች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የቆሻሻ መመሪያ አባል አገሮች እስከ 2020 ድረስ አደገኛ ካልሆነው የግንባታና የፍርስራሽ ቆሻሻ በክብደት ሰባ በመቶውን መልሰው ለጥቅም እንዲያውሉ ግብ አስቀምጧል።

ፍርስራሹ አፈርና ድንጋይ ከሆነ ቢደፋ ምን ይጎዳል?

ፍርስራሽ አይሸትም፣ ዝንብም አያመጣም፤ ስለዚህ ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። ጅማ ግን በዓመት ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ፣ አዌቱ ወንዝ መካከሏን አቋርጦ የሚያልፍባት፣ ዙሪያዋን ደግሞ እንደ ቦዬ ያሉ ረግረጋማ ቦታዎች ያሏት ከተማ ናት። ማታ ማታ በወንዝ ዳር ወይም በቦይ አፍ ላይ የሚደፋ ፍርስራሽ በሐምሌና በነሐሴ የውኃውን መውጫ ይዘጋል፤ በረግረግ ላይ የሚደፋው ደግሞ የክረምቱን ውኃ እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ እያለ የሚለቀውን መሬት ይደለድለዋል። ይህ አንዱ ጎን ነው።

ሌላው ጎን በደፋነው ምትክ የምናመርተው ነው። በጅማ ዙሪያ ባሉት ረግረጎች ሸክላ አፈር ተቆፍሮ ጡብ ይመረታል፤ ጡቡም የሚተኮሰው በእንጨት ነው። ስለዚህ የተሰበረ እያንዳንዱ ደህና ጡብ ሌላ አፈር ያስቆፍራል፣ ሌላ እንጨትም ያስቆርጣል። ሲሚንቶ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ከኖራ ድንጋይ የሚመረት በመሆኑ በዓለም ላይ ሰዎች ከሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው የሚወጣው ከዚሁ ኢንዱስትሪ ነው። የግንባታ ቆሻሻ በብዛት የሚመጣውም ከአዲስ ግንባታ ሳይሆን ከማፍረስ ሊሆን ይችላል፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ከተመዘገበው ከ600 ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ የግንባታና የፍርስራሽ ቆሻሻ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ከማፍረስ የመጣ ነበር። ቁጥሩ የእነሱ ነው፤ ምክንያቱ ግን እዚህም ይሠራል፤ ግንበኛ የገዛውን ዕቃ ቆጥቦ ይጠቀምበታል፣ አፍራሽ ግን የሚቆጥበው ነገር አለኝ ብሎ አያስብም።

ከአንድ ተራ የጭቃ ቤት ምን ያህል ዕቃ ሊወጣ ይችላል?

የቤት ስፋት በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ በቆርቆሮ ቁጥር ስለሚነገር በዚያው እንጀምር። ወርዱ 6 ሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሜትር የሆነ፣ ከፈፉ በየአቅጣጫው ግማሽ ሜትር የሚወጣ ቤት ቢኖር፣ የጣሪያው ዘንበል ሲታሰብ ክዳኑ ወደ 68 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ቆርቆሮ መደራረቡ ሲቀነስለት ወደ አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ስለሚሸፍን ቤቱ በግምት ባለ 46 ቆርቆሮ ነው ማለት ነው። የውጭ ግድግዳው ዙሪያ 28 ሜትር ነው፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ70፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በርና መስኮቱ ተቀንሶ ወደ 10 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ጭቃና እንጨት በግድግዳው ውስጥ አለ። ይህም ለአንድ ሲኖ ትራክ የሚያንስ ሸክም አይደለም።

ሒሳቡን የማቀርበው አንድ ነገር ለማሳየት ነው። ባለቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት ስለ ቆርቆሮውና ስለ በሩ ነው፤ በክብደትም በይዘትም ትልቁ ነገር ግን ማንም ዕቃ ብሎ የማይቆጥረው የግድግዳው አፈር ነው። የማጓጓዣው ወጪ አብዛኛው የሚከፈለውም ለእሱ ነው። ስለዚህ ጭቃውን እዚያው ግቢ ውስጥ መልሶ የተጠቀመ ሰው አንድ ጭነት ከማስወጣትና ሌላ ጭነት ከማስገባት ይድናል።

ሥራው በየትኛው ቅደም ተከተል ይሂድ? በየትኛውስ ወር?

አስቀድሞ የኤሌክትሪክ ቆጣሪው በሚመለከተው ድርጅት ሠራተኛ እንዲነሳና የውኃ መስመሩ ከዋናው ላይ እንዲዘጋ ይደረጋል፤ ከዚህ በፊት አንድም ሰው ጣሪያ ላይ መውጣት የለበትም። ቀጥሎ አምፖል፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የመታጠቢያ ዕቃዎች፣ የበርና የመስኮት መዝጊያዎች ይወጣሉ። ከዚያ ኮርኒሱ፣ ከኮርኒሱ በኋላ ቆርቆሮው ከጣሪያው ጫፍ ወደ ከፈፉ እየተወረደ ይነሳል። ማገሩ (ቆርቆሮው የሚመታበት አግዳሚ እንጨት)፣ ወራጁና ካፕሪያታው (ጣሪያውን የሚሸከመው የእንጨት ማዋቀሪያ) ይከተላሉ። ግድግዳው ምንጊዜም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ከሥሩ ተቆፍሮ አይገፋም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም፣ ምክንያቱም በሥሩ የተቦረቦረ ግድግዳ ወደየት እንደሚወድቅ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። መሠረቱ መጨረሻ ይነሳል።

ወሩን በተመለከተ፣ የጅማ ዝናብ ከክረምቱ ቀደም ብሎ በበልግ ስለሚጀምር የተመቸው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። ጣሪያው የተነሳ የጭቃ ግድግዳ አንድ ሌሊት ጠንካራ ዝናብ ቢያገኘው ክብደቱ ይጨምራል፣ ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ነገ ጠዋት ሊጠጋው የሚመጣው ሠራተኛ ይህን ላያውቅ ይችላል። የወረደ እንጨትም መሬት ላይ ተጥሎ ከረጠበ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሻግታል። በክረምት የግድ መሥራት ካስፈለገ ጣሪያው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በክፍል በክፍል ይነሳ፣ ሸራም ከመጀመሪያው ቀን አስቀድሞ ይዘጋጅ።

አሮጌ ቆርቆሮ መልሶ ጣሪያ ይሆናል?

ይሆናል፤ ግን ሁሉም አይደለም። የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ሲነገር ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል፤ ባለ 28 ጌጅ ከባለ 32 ይበልጣል፣ ባለ 35 ደግሞ ስስ ነው። በቀድሞ ጊዜ የተከደኑ ቤቶች ላይ አንዳንዴ ዛሬ በገበያ ላይ በብዛት ከሚሸጠው የሚወፍር ቆርቆሮ ይገኛል፤ ይህንን በስስ አዲስ ቆርቆሮ መለወጥ ትርፍ አይደለም። ዝገቱን መመርመር የሚገባው መካከሉን ሳይሆን ቆርቆሮዎቹ የተደራረቡበትን ጠርዝና የሚስማሩን ዙሪያ ነው፤ ውኃ የሚቆየው እዚያ ነውና። ቆርቆሮውን ወደ ፀሐይ አንስቶ ከሥር ማየት ቀዳዳውን ሁሉ ያሳያል።

የአሮጌ ቀዳዳ ጉዳይ ብዙ ሰው ያሳስበዋል። የሚሻለው መፍትሔ ቤቱ ከመፈታቱ በፊት በማገሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ለክቶ መጻፍና በአዲሱ ጣሪያ ላይ ያንኑ ርቀት መጠበቅ ነው። እንዲህ ሲደረግ አዲሱ ሚስማር ሰፋ ያለ ባርኔጣና የጎማ ቀለበት ኖሮት በአሮጌው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ አዲስ ቀዳዳም አይከፈትም። ለመኖሪያ ጣሪያ የማይመጥነው ለማድ ቤት፣ ለዶሮ ቤት፣ ለአጥር ይሆናል፤ ለዚያም የማይሆነው ለቆራሌው ተሽጦ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል።

እንጨቱንስ? አብዛኛው በምስጥ የተበላ አይደለም?

ይህ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል፣ ምክንያቱም በጅማ ቤቶች ውስጥ ያለው ትልቁ ሀብት እንጨቱ ነው። አካባቢው የደን አገር እንደመሆኑ መጠን ቀደምት ቤቶች የተሠሩት ዛሬ ከጫካ ቆርጦ ማምጣት በማይቻልበት ወይም በማይገባበት እንጨት ነው፤ ዋንዛ፣ ቀረሮ፣ ዝግባ በበር፣ በመስኮት፣ በወለልና በኮርኒስ ላይ ይገኛሉ። በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ራሱ በአብዛኛው የእንጨት ሥራ ነው፤ ንጉሡ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 እንደ መግዛታቸው መጠን ያ እንጨት ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል። በደረቅ ቦታ የቆየ እንጨት በዕድሜው ምክንያት ብቻ አይደክምም። እንዲያውም ለሃምሳ ዓመት ከጣሪያ ሥር የደረቀ ዋንዛ ከአዲስ እርጥብ ጣውላ ይልቅ ለአናጺ ይመቻል፤ የሚጣመመውን ያህል ተጣሞ ጨርሷልና።

ምስጥና ብስባሴ የሚጀምሩት ከመሬት ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ከመሬት በታች ያለውና ከመሬት በላይ ግማሽ ሜትር ያህሉ ተበልቶ የላይኛው ሁለት ሜትር ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ማግኘት የተለመደ ነው። ስለዚህ ሥሩ የተበላውን ቋሚ በሙሉ ወደ ማገዶ ከመወርወር በፊት በመዶሻ ማንኳኳትና በቢላ ጫፍ መውጋት ይገባል፤ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥና ቢላውን የማያስገባ እንጨት ደህና ነው፣ ድፍን ያለ ድምፅ የሚሰጥ ወይም በላዩ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነገር የሚያራግፍ ግን ነቀዝ ወይም ምስጥ አለበት። የተበላው ክፍል ተቆርጦ ይወገዳል እንጂ ከደህናው ጋር አንድ ላይ አይከመርም።

ሚስማር ሲነቀል እንጨቱን መሰንጠቅ ትልቁ ጉዳት ነው። ከተቻለ ሚስማሩ ከሾለው ጫፉ በኩል በመዶሻ ተመትቶ ባርኔጣው ብቅ እንዲል ከተደረገ በኋላ በጉጠት ይሳባል፤ በጉጠቱ ሥር ቁራጭ ጣውላ ማስደገፍ እንጨቱ እንዳይጎዳ ያደርጋል። ያልወጣ ሚስማር ያለበትን እንጨት ወደ መሰንጠቂያ ቤት መላክ የመጋዙን ጥርስ መስበር ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውን ማቁሰል ነው። ለቤት ሥራ የሚያጥረው ቁራጭ የዋንዛ እንጨት ደግሞ ለጅማ በርጩማና ለሌላ ዕቃ ሠሪዎች ይሆናል፤ ከተማዋ በዚህ ሙያ የታወቀች ናትና ገዢ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

አንድ ማሳሰቢያ ይቀራል። የአገር በቀል ዛፍ ጣውላ ከከተማ ወደ ከተማ ሲጓጓዝ በኬላ ላይ ማስረጃ ይጠየቃል። እንጨቱ ከአሮጌ ቤት የወጣ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ ማውጣትና ቤቱ ከመነሳቱ በፊት የተነሳ ፎቶግራፍ መያዝ ከብዙ እንግልት ያድናል።

የግድግዳው ጭቃ እንደገና ግድግዳ ይሆናል?

አዎ፤ ከዕቃዎቹ ሁሉ በቀላሉ ወደ መጀመሪያ መልኩ የሚመለሰውም እሱ ነው። ሲሚንቶ በውኃ ሲጠነክር ውሁዱ ተለውጦ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ጡብም ከተተኮሰ በኋላ ጭቃ አይሆንም። ያልተተኮሰ ሸክላ አፈር ግን የሚጠነክረው ውኃው ስለወጣለት ብቻ ስለሆነ ውኃ ሲመለስለት ይፈታል፤ ይህ ስንት ጊዜም ቢደጋገም ያው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሲሚንቶ ልስንና የቀለም ቅርፊት አስቀድሞ ተቀርፎ ይለያል። አፈሩ ተፈርፍሮ፣ ድንጋይና ሚስማሩ ተለቅሞ፣ ጉድጓድ ውስጥ በውኃ ይዘፈዘፋል። የአሮጌው ጭድ በአብዛኛው ስለበሰበሰ አዲስ የጤፍ ጭድ ይጨመርለትና ለቀናት እየተረገጠ እንዲቦካ ይተዋል። ከመጸዳጃ ቤት አጠገብ የነበረ፣ በላዩ ላይ ነጭ ጨው የሚያወጣ አፈር ግን አዲሱን ምርጊት ስለሚያራግፍ ለሙሌት ብቻ ይሁን። አዲስ ቤት በጭቃ ለመሥራት ያላሰበ ሰው አፈሩን ለግቢ መደልደያ፣ ሲሚንቶና ቀለም ያልነካውንም ለጓሮ ሊጠቀምበት ይችላል።

ጡብ፣ ብሎኬትና ድንጋይ እንዴት ይለያሉ?

ወሳኙ ጥያቄ በምን ተጣብቀዋል የሚለው ነው። የኖራ ማጣበቂያ ከጡቡ ይልቅ ልል ስለሆነ በመዶሻ ጎን ሲመታ ይራገፋል፤ በኖራ ወይም በጭቃ የተገነባ አሮጌ ግድግዳ ጡቡን ሙሉ በሙሉ ሊመልስ ይችላል። ጠንካራ የሲሚንቶ ማጣበቂያ ግን ብዙ ጊዜ ከጡቡ ይበልጥ ስለሚጠነክር ሲለያዩ የሚሰበረው ጡቡ ነው። ስለዚህ ውል ከመፈራረም በፊት አንድ ካሬ ሜትር ያህል ለሙከራ ማውረድ ይመከራል። በ25 በ12 በ6 ሴንቲ ሜትር ጡብ የተገነባ ግማሽ ጡብ ውፍረት ያለው ግድግዳ በካሬ ሜትር 55 ገደማ ጡብ አለው፤ ከዚህ ስንቱ ደህና እንደወጣ መቁጠር ሥራው ያዋጣ እንደሆነ ወዲያውኑ ይናገራል። ሁለት ጡብ ሲጋጭ የሚሰማው ድምፅ እንደ ሸክላ ዕቃ ከጠራ ጡቡ ደህና ነው።

ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነና በሲሚንቶ ስለሚገነባ ሳይሰበር የሚወጣው ጥቂት ነው። የወጣውም ለአጥርና ክብደት ለማይሸከም ግድግዳ ብቻ ይሁን። የመሠረት ድንጋይና ጥርብ ድንጋይ አያረጅም፤ ታጥቦ ይመለሳል።

አርማታና ፌሮስ?

አርማታ ራሱን ችሎ አይፈታም፤ የሚሰበር ነው። ተሰብሮ ግን ከአፈርና ከእንጨት ንጹሕ ከሆነ ለወለል ሥር ሙሌትና ለግቢ መንገድ ገረጋንቲን ይተካል። ተፈጭቶ በአዲስ አርማታ ውስጥ እንደ ጠጠር ሲገባ ከተፈጥሮ ጠጠር የበለጠ ውኃ ስለሚጠጣ ያለ መሐንዲስ ምክር ለኮለንና ለቢም አይግባ።

ፌሮን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው። ታጥፎ የተቃና ፌሮ በታጠፈበት ቦታ ላይ የመሳብ አቅሙ ስለሚቀንስ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። በርካሽ ስለተገኘ ብቻ ለፎቅ ቤት ኮለን የሚያውለው ሰው ልጆቹን ከሥሩ እንደሚያስተኛ ያስታውስ። ለአበባ መደብ፣ ለአጥር ዘንግ ወይም ለማቅለጫ ይሽጠው።

ከአሮጌ ቤት ውስጥ መልሶ መጠቀም የማይገባ ነገር አለ?

አለ። በቀድሞ ዘመን በተሠሩ አንዳንድ ሕንፃዎች ላይ የሚገኝ ግራጫ ቀለም ያለው ወጣ ገባ የሲሚንቶ ክዳን ወይም ቧንቧ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። የአስቤስቶስ ዓይነት ሁሉ ካንሰር እንደሚያስከትል የዓለም ጤና ድርጅት ያረጋገጠው ነው፤ አደጋው የሚመጣው ሲሰበር፣ ሲቆረጥና ሲቦረቦር በሚነሳው ብናኝ ነው። እንዲህ ያለ ክዳን ከተገኘ በውኃ ተርሶ፣ ሳይሰበር ተነቅሎ፣ በወፍራም ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ለብቻው ይቀመጥ፣ ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎችም ይነገር፤ ለሌላ ሰው መሸጥ ግን በሽታን መሸጥ ነው።

አሮጌ የዘይት ቀለም ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት፤ አገራችን በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ ደንብ አውጥታ የገደበችው በ2010 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ቀለም የተቀባ አሮጌ በርና መስኮት በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በማድ ቤት ውስጥ አይንደድ። ለምስጥ መከላከያ ተብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የጠጣ የቋሚ ሥርም እንዲሁ ነው። ይህን አጠንክሬ የምጽፈው በብዙ ቤቶች የፍርስራሹ እንጨት ለእናቶች «ለማገዶ ይሁናችሁ» ተብሎ ሲሰጥ ስላየሁ ነው፤ እንጀራ የሚጋገርበትና ሕፃን የሚታዘልበት ጭስ ነውና። ረጃጅም የመብራት ቱቦዎች በውስጣቸው ሜርኩሪ ስላለ ሳይሰበሩ ይለዩ። የዛገ ሚስማር የወጋው ሠራተኛ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንዲያገኝ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ቤት ማንሳት እንደ መሥራት ሁሉ ከከተማው አስተዳደር የግንባታ ክፍል ጋር ተነጋግሮና ፈቃድ ይዞ የሚደረግ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የግንባታና የፍርስራሽ ቆሻሻን በስሙ ጠቅሶ ለከተማ አስተዳደሮች ኃላፊነት ሰጥቶ ስለነበር ጉዳዩ ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። ቤቱ ዕድሜ ጠገብ ከሆነ ግን ሌላ ጥያቄ ይቀድማል፤ በጅማ ከንጉሡ ዘመንና ከጣልያን ወረራ ዓመታት የተረፉ ቤቶች አሉ፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስን ያለ ፈቃድ መለወጥና ከቦታው ማንሳት ይከለክላል። እንዲህ ያለ ቤት ካልወረደ የበለጠ ጥቅም አለው፤ ዕቃን መልሶ ለመጠቀም ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ቤቱን እንደቆመ መጠገን ነውና።

ከሠራተኞች ጋር ምን ዓይነት ውል ይሻላል?

ዕቃው የሚድነው ወይም የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሥራው በቁርጥ ሲሰጥ ሠራተኛው የሚያተርፈው ፈጥኖ ሲጨርስ ስለሆነ ይሰብራል፤ ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የውሉ ነው። በቀን ሒሳብ ሲሰጥ ደግሞ ሥራው ሊራዘም ይችላል። «ዕቃውን ውሰዱና በነፃ አንሱልኝ» የሚለው ስምምነት ለባለቤቱ የተመቸ ቢመስልም አንሺው የሚሸጠውን ቆርቆሮና ብረት ወስዶ አፈሩንና ስብርባሪውን ትቶት ይሄዳል። በእኔ አስተያየት የሚሻለው መጠነኛ የቀን ክፍያ አድርጎ በዚያ ላይ ደህና ሆኖ ለወጣ ለእያንዳንዱ ዕቃ፣ ማለትም ለቆርቆሮ በፍሬ፣ ለጣውላ በሜትር፣ ለጡብ በመቶ ተጨማሪ መክፈል ነው። ያኔ ጥንቃቄ ራሱ ገቢ ይሆናል። ዕቃው የት እንደሚከመርና በምን እንደሚሸፈንም በውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ በጥንቃቄ ወርዶ በዝናብ የተበላሸ ጣውላ ብዙ አይቻለሁ።

የተሰጠኝ ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ከሆነ ምን ላስቀድም?

በመጀመሪያ ዕቃውን ማንሳት የተፈቀደ መሆኑን ከሚመለከተው አካል በጽሑፍ ያረጋግጡ። ሁለት ቀን ካለዎት በመጀመሪያው ቀን በርና መስኮት ከነመቃናቸው፣ ጣውላ ኮርኒስና የጣውላ ወለል ይውጡ፤ በሁለተኛው ቀን ቆርቆሮውና ካፕሪያታው ይውረድ። ግድግዳውን ለማሽኑ ይተዉት። ግማሽ ቀን ብቻ ካለ ደግሞ በርና መስኮቱን ያስቀድሙ፤ አንድ የዋንዛ በር ለማሠራት ዛሬ የሚጠየቀውን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

አዲስ የምሠራው ቤት ወደፊት በቀላሉ እንዲፈታ ምን ላድርግ?

ጥቂት ምርጫዎች ብዙ ይለውጣሉ። ካፕሪያታው በሚስማር ፋንታ በብሎንና በዳዶ ይታሰር። ቆርቆሮው ተሽከርክሮ በሚገባና በሚወጣ የብሎን ሚስማር ይያዝ እንጂ በማይነቀል መልኩ አይመታ። የእንጨት ቋሚ በቀጥታ መሬት ውስጥ ከሚቀበር በድንጋይ መሠረት ላይ በብረት እግር ይቁም፤ ይህ ከምስጥም ያድነዋል። አንድ ፎቅ ላልበለጠ የጡብ ግድግዳ መሐንዲሱ ከፈቀደ ኖራ የበዛበት ማጣበቂያ ይመረጥ። የኤሌክትሪክና የውኃ መስመር በግድግዳ ውስጥ ከሚቀበር በሚከፈት ሽፋን ሥር ይሂድ። የመስኮትና የበር መጠን በገበያ ላይ ከተለመደው ልኬት ጋር አንድ ይሁን፣ ምክንያቱም ለአንድ ቤት ብቻ ተብሎ በልዩ ልኬት የተሠራ መስኮት ለሌላ ቤት አይገጥምም። ሁሉም ካለቀ በኋላ ማገሮቹ በስንት ርቀት እንደተመቱ፣ መስመሮቹ በየት እንደሚያልፉ፣ እንጨቱ ምን ዓይነት እንደሆነ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከካርታው ጋር ይቀመጥ።